ሁለት ዲሽ የተተከለበት ጣሪያ፦ የአንድ የሸዋ ሮቢት ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ሸዋ ሮቢት ዳር ያለ የአንድ ግቢ ጉዳይ ነው። የቤተሰቡ ስምም ቀበሌውም አይነሳም። ቢነሳም ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ ከደብረ ሲና እስከ አጣዬ በየመንደሩ ተመሳሳይ ቤት አለ። እዚህ የተያዘው ጥያቄ ጠባብ ነው። ከአንድ መሶብ ይበላ የነበረ ቤተሰብ በሚሰማው ነገር እንዴት ተለያየ? ለማስታረቅ ከተሞከረው የቱ ያዘ፣ የቱስ ጭራሽ አባሰው? በፖለቲካው ማን ልክ እንደነበረ መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም።

ግቢው

አባት በጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ጋሽ መምህር» ነው የሚላቸው። ታላቁ ልጅ አዲስ አበባ በሂሳብ ሠራተኛነት ይኖራል። ትንሹ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ነው። መካከለኛዋ ልጅ አግብታ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ባሏ የከሚሴ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን አማርኛው ከሮቢት ልጅ አማርኛ አይለይም። አንድ ባሕር ማዶ የሚኖር የአባት ወንድምም አለ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የሚገባው በድምፅ መልእክት ብቻ ነው። እናት ከሁሉም ጋር ናቸው፣ ከማንም ጋር አይደሉም።

አማትና አማችን ከዝምድናው በላይ ያስተሳሰራቸው ሽንኩርት ነው። አማች ሮቢ ወንዝ ዳር 2 ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ በኮንትራት ይዟል። የውሃ ፓምፑ የአባት ነው። ዘር፣ ማዳበሪያና ቤንዚን እኩል ያወጣሉ፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ይህን ሁሉ ያሰረው ወረቀት ሳይሆን አፍ ነው። የሚዘሩት ቦምባይ ሬድ መደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆይና ይዛወራል። ከዚያ በኋላ በቆላው ሙቀት በየ5 እና 6 ቀኑ ውሃ ማግኘት አለበት። ራሱን በሚቋጥርበት ሰሞን አንድ ተራ እንኳ ቢዘለል ኪሎው ላይ ይታያል። ይህ ዝርዝር የገባው ለጌጥ አይደለም፤ ጠቡ መጨረሻ ላይ የፈነዳው በዚህ ተራ ላይ ነው።

አንድ ሬዲዮ

እስከ 2011 ዓ.ም. ቤቱ የነበረው አንድ ሬዲዮ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል በአጭር ሞገድ ይከፈታል። አባት አንቴናውን ይዘው ይዞራሉ፤ የቀረው እራቱን ይበላል። መምህር ናቸውና በየመሀሉ ድምፁን ቀነስ አድርገው «አሁን ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አማች የሰማውን ይመልሳል፣ ትንሹ ልጅ ያርመዋል፣ ክርክር ይነሳል። ያኔም አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። በ2010 የመንግሥት ለውጥ ሰሞን እንዲያውም የከረረ ክርክር ነበር። ልዩነቱ ሁሉም የሚከራከረው አንድ ላይ በሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑ ነው። ማንም ቢዋሽ ሌላው «እንዲህ አላለም» ማለት ይችል ነበር።

ስማርት ስልኩ በ2012 መጣ፤ ታላቁ ልጅ ለበዓል ያመጣው ስጦታ ነው። አባት ዩቲዩብ ድምፁን ጮክ አድርገው ሲከፍቱ እናት «ጆሮዬ ፈነዳ» ስላሉ በሳምንቱ ኢርፎን ተገዛ። ለቤቱ ሰላም ተብሎ የተገዛው ያ ኢርፎን ከሌላው ዕቃ ሁሉ የበለጠ ጉዳት አድርሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባት የሰሙትን ሌላ ማንም አልሰማም፤ «አሁን ምን አለ?» የሚለው ጥያቄም ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ዲሽ ነው። የግቢው የመጀመሪያ ዲሽ ወደ ናይልሳት፣ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የዞረ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ተዛወሩ። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የሁለቱ ርቀት 64 ዲግሪ ስለሆነ ለሰሜን ሸዋ ጣሪያ አንዱ ወደ ምዕራብ ዘንበል ሲል ሌላው ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ያያል። አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረው ሞገድ መቀበያ) በማሰር አይፈታም። አባት ከውጭ የሚተላለፈውን ጣቢያቸውን አልተውም አሉ፤ አማችና ትንሹ ልጅ ኢትዮሳትን ፈለጉ። ሁለተኛ ዲሽ ተተከለ፣ ሁለተኛ ሪሲቨር ገባ፣ እራት ሁለት ቦታ ሆነ።

ፍርሃቱ እውነት ነበር

ብዙ አስታራቂ እዚህ ላይ ይስታል። «ሁሉም የሚዲያ ወሬ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው በሰሜን ሸዋ ጆሮ አያገኝም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ራሷ በጦርነቱ ተይዛ ነበር፤ ይህም ቤተሰብ አማች ግቢውን ሊጠብቅ ሲቀር ሌላው ወደ ደብረ ብርሃን ተሰዷል። ከወለጋ የተፈናቀለ ሰው ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ሲኖር በዓይናቸው አይተዋል። በአማች በኩልም የሞተ ዘመድ አለ። ወገንተኛ ጣቢያ ከባዶ አይነሳም። የደረሰውን ይወስድና ሦስት ነገር ይጨምርበታል፦ ያደረገው ማን እንደሆነ ሳይጠራጠር ይናገራል፣ ጥፋቱን ከአድራጊው ወደ ሕዝቡ ያሰፋል፣ ነገ በአንተ ላይ ይደገማል ይላል።

በሽምግልናው ወቅት አባት የሚከታተሉት አንድ የቀጥታ ስርጭት ከሰዓት ጋር ተቆጥሮ ነበር። ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው 12 ደቂቃ ሰላምታና ገንዘብ የላኩ ሰዎች ስም ነው። «ሰበር» የተባለው ዜና ራሱ 4 ደቂቃ አይሞላም፤ ምንጩም «ውስጥ አዋቂ» ነው። የቀረው «እነሱ» ምን እንዳሰቡ ትንታኔ ነው፤ በመሀል «ሌላውን አትስሙ፣ ሁሉም ተገዝቷል» የሚል ቃል 5 ጊዜ ይመጣል። አማች የሚከታተለው የአፋን ኦሮሞ ፕሮግራም በዚያው መንገድ ሲቆጠር ስሞቹና ቋንቋው ተለወጡ እንጂ አሠራሩ ያው ሆነ። ሁለቱ አቅራቢዎች ቢገናኙ ተደባዳቢ ናቸው፤ የሚያነቡት ግን ከአንድ ደብተር ይመስላል።

ርዝመቱ ያለምክንያት አይደለም። ዩቲዩብ ቻናልን ወደ ማስታወቂያ ገቢ የሚያስገባበት አንዱ መስፈርት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው፤ በቪዲዮው መሀል ማስታወቂያ ማስገባት የሚቻለው ደግሞ ከ8 ደቂቃ ጀምሮ ነው። የሚከፈለው ለተቀመጥክበት ሰዓት ነው። የተረጋጋ ሰው ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል።

«አንተ» ወደ «እናንተ»

መለያየቱን መጀመሪያ ያስተዋለችው ልጅቷ ናት፤ ያስተዋለችውም በአስተያየት ሳይሆን በተውላጠ ስም ነው። ባሏን «አንተ ልጅ» ይሉት የነበሩት አባቷ አንድ ማታ እራት ላይ «እናንተ ደግሞ ምን ጎደለባችሁ» አሉት። አንድ ሰው ነው የተቀመጠው። እሱም «አባባ» ማለቱን ተወ፤ ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ለሚስቱ ሲያወራ «ሰውየው» ሆነ። ተመሳሳይ ቤት የሚይዝ ማንኛውም ሽማግሌ ይህን ምልክት ቢጠብቅ ይጠቅመዋል፤ ከጠቡ ወራት ቀድሞ ይመጣልና።

በ2015 የካቲት ሽንኩርቱ ራሱን ሊቋጥር ሲል አባት ፓምፑን «ላሠራው» ብለው ወደ ቤት አስገቡ፤ አላወጡትም። ከሰማይ የወረደ ምክንያት አልነበረም፤ በዋዜማው ከወንድማቸው የመጣው የድምፅ መልእክት «በገዛ ውሃህ ነው ገዳይህን የምታበላው» ይል ነበር። ማሳው 16 ቀን ውሃ ሳያይ ቆየ። ባለፈው ዓመት 90 ኩንታል የሰጠው መሬት 52 ሰጠ፤ እሱም ግማሹ እንደ ነጭ ሽንኩርት የቀጨጨ ነበር። የኪሳራው እኩሌታ የአባት የራሳቸው ነው። ግንቦት ላይ ልጅቷ ወንድ ወለደች፤ በ40 ቀኑ ክርስትና አያት ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ታላቁ ልጅ ይህን ሰምቶ «እፎይ» አለ፤ ችኮላ ነበር። ስልክ ቤቶች ሜሞሪ ላይ ቪዲዮ እየጫኑ ይሸጡ ነበር፤ የናይልሳቱ ዲሽም አልተቋረጠም፤ ወንድም በተራ ስልክ ይደውላል። የባሰው፣ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ቪዲዮ እንደ ዛሬ ዜና መታየት ጀመረ፤ የሚያስተባብለው አዲስ ነገር አይመጣምና።

ያልሠሩት ሦስቱ

ታላቁ ልጅ ከኢንተርኔት መቋረጥ በፊት ለአባቱ ማስተባበያ ሊንክ በቴሌግራም ይልክ ነበር፤ አንዳንድ ቀን 6 እና 7። አባት አይከፍቱትም፤ ከከፈቱም «አንተም ተገዛህ» ይላሉ። ይህ የእሳቸው ግትርነት ብቻ አይደለም። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጥናት በ1982ቱ የቤይሩት ጭፍጨፋ ላይ የተሠሩ የቴሌቪዥን ዘገባዎችን ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረብ ደጋፊዎች አሳየ። ዘገባው ያው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ወገን «ለጠላት ያደላ ነው» አሉ። ስለዚህ «ሚዛናዊ» የሚባል ሊንክ መላክ ወገን ለያዘ ሰው ሌላ የጠላት ደብዳቤ ነው። ታላቁ ልጅ አንዴ ደግሞ ተናዶ «ይህን ሼር ማድረግ ያሳስርሃል» ብሎ የጥላቻ ንግግር አዋጁን፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ጠቀሰባቸው። አባት ለሁለት ወር ስልኩን አላነሱለትም።

ትንሹ ልጅ በድብቅ ሠራው። አባቱ ሲተኙ ከቻናሎቹ አስወጣቸው፣ ሁለቱን አገደ። በሦስተኛው ቀን ተነቃ። አባት ስልኩን ትራሳቸው ሥር ማሳደር ጀመሩ፤ «በቤቴ ውስጥ ሰላይ አለ» የሚለውን የጣቢያውን ቃል ቤታቸው አረጋገጠላቸው።

ሦስተኛው የመጀመሪያው ሽምግልና ነው። በአንድ ከሰዓት አለቀ፦ ይቅር ለእግዜር ተባለ፣ ጉልበት ተሳመ፣ ጠላ ተጠጣ። 9 ቀን ቆየ። ሽማግሌዎቹ ጠቡን አስታረቁ እንጂ በየማታው ጠቡን የሚሞላውን ሰዓት አልነኩትም፤ 3 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደየስክሪኑ ተመለሰ።

የያዘው

ሁለተኛው ሽምግልና በ2016 ኅዳር ተጀምሮ በ10 ሳምንት 7 ጊዜ ተሰበሰበ። ሦስት ሰው ነበሩ፦ የቤቱ የነፍስ አባት፣ የአባት የቀድሞ የሥራ ባልደረባ የሆኑ መምህር፣ ከአማች ወገን ደግሞ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ሁለቱንም የሚያውቁ አንድ አዛውንት። የሦስተኛው መኖር ወሳኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ሽምግልና ሽማግሌ ሁሉ ከአንድ ወገን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሕግ አንድ ነው፦ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ የሰማኸውን ተው። አባት 2 ደቂቃ ሳይሞላ «እነሱ እኮ...» ሲሉ አዛውንቱ «አይተዋል?» አሏቸው፤ ዝም አሉ። አማች በተራው በ2014 ከተማው ሲያዝ ፓምፑን ከእበት ክምር ሥር ቆፍሮ እንደቀበረው ተናገረ፤ በሰፈሩ ያለፓምፕ ያልቀረ ቤት ጥቂት ነው። አባት ያውቁት ነበር፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላነሱትም። ከዚያ አማች ራሱ በ2013 ሰፈሩ በክፉ ዓይን ሲያየው አማቱ ቀበሌ ድረስ አብረውት ሄደው ዋስ እንደሆኑ አስታወሰ። ዕርቅ አልተባለም፤ ቡና ተጠጥቶ ተበተነ።

ሁለተኛው መንገድ ደብተር ነው። ባለ 4 ዓምድ፦ ምን ሰማሁ፣ ከማን፣ መቼ፣ ከ3 ቀን በኋላ ምን ሆነ። አባት፣ አማችና አዲስ አበባ ያለው ታላቁ ልጅ የየራሳቸውን ጣቢያ ብቻ ይጽፋሉ፤ የሌላውን ጣቢያ መፈተሽ ክልክል ነው። አባት መምህርነታቸው አልጠፋምና በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመሩ። በሦስት ሳምንት ከጻፏቸው 41 «ሰበር»ዎች 9ኙን ራይት አደረጉ፣ 14ቱን ኤክስ፤ የቀሩትን 18 ምንጩ ስለማይታወቅ ማረም አልቻሉም። «ይህ ልጅ ቢሆን ክፍል ይደግማል» ብለው በራሳቸው ሳቁ። ታላቁ ልጅ ደግሞ ያልጠበቀው ገጠመው፦ የሚያምነው ጣቢያ ላይ ውሸት አላገኘም፣ ዝምታ ግን አገኘ። ሮቢት ሁሉ የሚያወራው ነገር ላይ ሁለት ቀን ምንም አላለም። ይህን ለአባቱ በስልክ ሲናገር በዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ረጅም ወሬ አወሩ።

ፎቶ ለብቻው ይያዛል። ኢንተርኔት በሚያገኝ ስልክ ላይ ምስሉን ተጭኖ በጎግል ሌንስ መፈለግ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ሮቢት ግን ኢንተርኔት አልነበረም። ሁለቱ ገበሬዎች በዓይን ፈተሹት። «ትናንት እዚህ አጠገብ የታረዱ ከብቶች» የሚል ምስል ነበር። አማች ስክሪኑን አሰፋና «ጋሼ፣ በሬው ሻኛ የለውም» አለ። አባት መነጽራቸውን አምጥተው አዩ፤ ከአምስቱ አንዱም የለውም። አፈሩም ቀይ ነው፤ የሮቢት ማሳ ደግሞ ጥቁር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሻኛ አለው?» የግቢው ቀልድ ሆነ፤ ለወሬም ሁሉ ይሠራል።

ሰዓቱ ሦስተኛው ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ኢርፎን የለም፤ የሚሰማ ካለ በድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም በተገኘበት። እያንዳንዱ በተራ የፈለገውን ጣቢያ ይከፍታል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፤ የአፋን ኦሮሞውን አማች ይተረጉማል። አባት የራሳቸውን ጣቢያ አማቻቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሲሰሙ በአምስተኛው ቀን «ዝጋው፣ አፈርኩ» አሉ። ማንም ዝጉ አላላቸውም። ጣቢያ መለወጥ ብቻውን እንደማይበቃ ከአሜሪካም የታየ ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የአንድ ወገን ቴሌቪዥን ተመልካቾች በሰዓት 15 ዶላር እየተከፈላቸው ለአንድ ወር የተቃራኒውን ጣቢያ ተመለከቱ፤ የሚያውቁትና አንዳንድ አቋማቸውም ተለወጠ። ክፍያው ሲቆም ወደ ቀድሞው ጣቢያቸው ተመለሱ፣ ለውጡም አብሮ ደበዘዘ። ሰዓቱን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ነገሩ አይቆይም። በዚህ ቤት ጠባቂዋ እናት ናቸው፤ ኢርፎኖቹን በቡና ረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋሉ።

ስልኩ የተነካው መጨረሻ ላይ፣ ኢንተርኔት ሲመለስ፣ ባለቤቱ እያየና እየፈቀደ ነው። ዩቲዩብ ላይ የዕይታ ታሪክ ተሰርዞ እንዳይመዘግብ ተደረገ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚከፍተው ተዘጋ። አባት ራሳቸው የመረጧቸው ሦስት ቻናሎች ላይ ሦስቷ ነጥብ ተነክታ «ይህን ቻናል አታሳየኝ» ተባለ። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ተደረገ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ስልኩ መጀመሪያ ቢነካ፣ የትንሹ ልጅ ስህተት ይደገም ነበር። መጀመሪያ ስልኩ የሚቆጥረው የአባት የቀን አጠቃቀም 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር፤ ኢንተርኔት ተመልሶ ሰዓቱ ከጸና በኋላ ሲታይ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሆኗል።

አሁን ያለበት

የማንም የፖለቲካ አቋም አልተለወጠም፤ ይህ መታወቅ አለበት። አባትና አማች ስለ ክልሉና ስለ መንግሥቱ እንደ ቀድሞው አይስማሙም። «እናንተ» ግን ወደ «አንተ» ተመልሷል፤ «አባባ» እስካሁን አልተመለሰም፣ «ጋሼ» ነው። ልጅቷ የ40 ቀኑን ክርስትና አልረሳችም፤ የሽማግሌ ነገር በወሬ ሲነሳ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ወንድም ከባሕር ማዶ አሁንም ይልካል፤ አባት ይሰሙታል፣ በድምፅ ማጉያ።

ሽንኩርቱ እንደገና ተተክሏል፣ በዚህ ጊዜ በወረቀት። ውሉ አንድ ገጽ ነው፦ ውሃ ማክሰኞና እሑድ፣ ቤንዚን እኩል፣ ፓምፑ ቢበላሽ ማሠሪያው ከምርቱ ላይ ይቀነሳል። አንዱ ወገን ተራ ቢያዘልል ለሌላው 5 ኩንታል ይከፍላል። የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ከሁለቱም ወንዶች እጅ ወጥቶ ከኢርፎኖቹ ጋር መሳቢያው ውስጥ ነው።